ጥቂት ቤንዚን፣ ረጅም መንገድ፤ የሶይቺሮ ሆንዳ የሕይወት ታሪክ

የሞተር ብስክሌት ውድድር ሲባል ሁላችንም ወዲያው የምናስበው ፍጥነትን ነው። ዳሩ ግን ከዚህ የተለየ የውድድር ዐይነት አለ፤ በዚህኛው የሚሸለመው ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ሳይሆን ከሁሉ ያነሰ ቤንዚን ያቃጠለው ነው። እንዲህ ካሉት ውድድሮች መካከል በጃፓን አገር በ1981 የተጀመረው ዋንጫው በአንድ ሰው ስም የተሰየመ ሲሆን፣ ያም ሰው ሶይቺሮ ሆንዳ ነው። ሆንዳ የሚለውን ስም በሞተር ብስክሌት ላይ ተጽፎ ያላየ ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብዬ አላምንም። ብዙዎቻችን ግን የፋብሪካ ስም ብቻ እየመሰለን፣ የአንድ የገጠር አንጥረኛ ቤተሰብ ስም መሆኑን ሳናውቅ እናልፈዋለን።

ለዚህ የመታሰቢያ በዓል መጽሔት የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ እንድንጽፍ በተፈቀደልን ጊዜ ይህን ሰው የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤንዚን ከጂቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ ረጅም መንገድ ከተጓዘ በኋላ ነው ጅግጅጋ የሚደርሰው። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጁን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ዋጋው በየጊዜው ከፍ ብሏል። ታላቅ ወንድሜ በሞተር ብስክሌት ዕቃ እያመላለሰ ነው እኔን የሚያስተምረኝ፤ ማታ ማታ ገቢውን ሲቆጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀንሰው የቤንዚኑን ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል የሚለው ጥያቄ በእኛ ቤት የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። (አንባቢ ሆይ፣ ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሶይቺሮ ሆንዳ ኅዳር 8 ቀን 1899 ዓ.ም.፣ ይኸውም በ1906፣ በጃፓን አገር በሺዙኦካ ግዛት ኮምዮ በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሪቱ ዛሬ የሐማማትሱ ከተማ አካል ናት። አባቱ ጊሄይ አንጥረኛ ነበር፤ በኋላም የብስክሌት ጥገና ሱቅ ከፈተ። እናቱ ሚካ ሸማኔ ነበረች። በአገራችን አንጥረኛውንና ሸማኔውን ስንት ዘመን ስንንቀው እንደ ኖርን ሁሉም ያውቃል። በደጋው አገር ቡዳ ይሉታል፤ በሶማሌም ዘንድ ብረት ቀጥቃጩን ቱማል ብለው ከጋብቻ ሲያርቁት ኖረዋል። እኔ የሆንዳን ታሪክ ሳነብ ልቤን የነካው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ይህ ልጅ የአባቱን መዶሻ ድምፅ እየሰማ አደገ፤ በእጁ መሥራትንም አንድም ቀን አላፈረበትም።

ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ አያቱ በጀርባው አዝሎ ሩዝ የሚፈተግበትን ወፍጮ ሊያሳየው ይወስደው ነበር። ሕፃኑ ሞተሩ ቱፍ ቱፍ እያለ ሲሠራና ሰማያዊ ጭስ ሲተፋ ቆሞ ማየት አይጠግብም ነበር ይባላል። መጀመሪያ አውቶሞቢል ወደ መንደሩ በመጣ ጊዜ ከኋላው እየሮጠ ተከተለው፤ ሲቆምም ከሥሩ የተንጠባጠበውን ዘይት ተንበርክኮ አሸተተ። በ1917 አርት ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ በሐማማትሱ አውሮፕላን እንደሚያሳይ ሰማና የአባቱን ብስክሌት ሳያስፈቅድ ወስዶ ሄደ። ኮርቻው ላይ ሆኖ እግሩ ስለማይደርስ በብረቱ መካከል አንድ እግሩን አሾልኮ እየረገጠ ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄደው። ለመግቢያ የሚከፍለው ገንዘብ ስላልበቃው ከሜዳው ውጭ ጥድ ላይ ወጥቶ ተመለከተ።

በትምህርቱ ግን ጎበዝ አልነበረም። በጃፓን ትምህርት ቤት ወላጆች የልጃቸውን ውጤት ማየታቸውን የሚያረጋግጡት የቤተሰቡን ማኅተም በመምታት ነው። ትንሹ ሆንዳ ውጤቱን ለአባቱ ማሳየት ስለ ፈራ ከብስክሌት ፔዳል ጎማ ቆርጦ ማኅተሙን ራሱ ቀረጸ። ይህን ያዩ ጓደኞቹ እንዲሠራላቸው ለመኑት፤ እርሱም ሠራላቸው። የሆንዳ ስም በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ግራና ቀኙ ተመሳሳይ ስለ ሆነ ተገልብጦም ቢቀረጽ አይታወቅም፤ የጓደኞቹ ስም ግን እንደ መስተዋት ምስል ተገልብጦ ታየና ነገሩ ተገለጠ። ይህን የጻፍሁት ለታናናሾቻችን መጥፎ ምክር ለመስጠት አይደለም፤ መምህራኖቻችንም በዚህ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ።

በ1922፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ትምህርቱን ትቶ ቶኪዮ በሚገኝ አርት ሾካይ በተባለ የአውቶሞቢል ጋራዥ ተቀጠረ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፈው ግን መፍቻ ይዞ ሳይሆን የባለቤቱን ሕፃን ልጅ አዝሎና ወለል እየጠረገ ነው። በጣም ስለ ተከፋ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ለመመለስ እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር። በኋላ አንድ ቀን ሥራ ሲበዛ ባለቤቱ ጠርቶ ከአውቶሞቢል ሥር አስገባው፤ ከዚያ ወዲያ ከመኪና ሥር አልወጣም ማለት ይቻላል። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ባወደመ ጊዜ ከእሳቱ ለማዳን መኪና እየነዳ ያወጣው ይኸው ልጅ ነበር። ከአደጋው በኋላም የተቃጠሉ መኪናዎችን እንደገና ነፍስ እየዘሩ መሸጥ የጋራዡ ትልቅ ሥራ ሆነ። በተቃጠለ ብረት ላይ የተማረው ትምህርት ኋላ ጠቀመው። በ1924 ጋራዡ የአሮጌ አውሮፕላን ሞተር የገጠመበት የእሽቅድምድም መኪና ሲያሸንፍ ሆንዳ ከነጂው ጎን የተቀመጠ መካኒክ ነበር።

በ1928 ጌታው ስላመነው በሐማማትሱ የጋራዡን ቅርንጫፍ እንዲከፍት ፈቀደለት። ሥራው ለማ፤ በ1935 ሳቺ የተባለችውን ባለቤቱን አገባ። በ1936 ግን በታማጋዋ በተደረገ ውድድር ላይ መኪናው ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ተገለበጠ፤ እርሱም አብሮት የነበረው ታናሽ ወንድሙም ክፉኛ ቆሰሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወቱ ክፍል፣ በእኔ አስተያየት፣ ለተማሪ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ነው። ሆንዳ ጥገና ሰልችቶት አንድ ነገር ራሱ ሊፈጥር ፈለገና የፒስቶን ቀለበት ለመሥራት ተነሣ። ይህን ዕቃ መካኒኮቻችን ፋሻ ይሉታል። ፋሻ ፒስቶኑን ከቦ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያገጣጥም ቀጭን ብረት ነው፤ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ፣ ዘይቱም ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይቃጠል ይጠብቃል። ፋሻው ያለቀ ሞተር ቤንዚን ይበላል፤ ጉልበት ግን የለውም። በጅግጅጋ መንገድ ላይ ሰማያዊ ጭስ እየጎተተ የሚሄድ ባጃጅ ስታዩ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ይህ ነው። እንግዲህ ቤንዚን መቆጠብ ማለት ምን እንደ ሆነ ሆንዳ መጀመሪያ የተማረው በዚህች ቀጭን ብረት ላይ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ሥራው ግን እንዳሰበው አልሆነም። ያለውን ገንዘብ ሁሉ አፈሰሰ፤ ሌሊት ሌሊት ከምድጃው አጠገብ እየተኛ ሠራ፤ የሚወጣው ቀለበት ግን ተሰባሪና የማይለጠጥ ሆነ። ምክንያቱን ስላላወቀው የሐማማትሱን ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሊቅ ሄዶ ጠየቀ። ሊቁም መርምሮ በብረቱ ውስጥ ሲሊኮን እንደሚጎድል ነገረው። ሆንዳ ሲሊኮን የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር። አንድ ስመ ጥር መካኒክ፣ የ30 ዓመት ሰው፣ ሠራተኞች የሚያስተዳድር ጌታ ይህን በሰማ ጊዜ ምን እንደ ተሰማው መገመት አያቅትም። እርሱ ግን በዚያው ትምህርት ቤት ከወጣቶች ጋር ተቀምጦ ለመማር ገባ። ቀን ተማሪ፣ ማታ ሠራተኛ ሆነ። ከዘጠኝ ወር ድካም በኋላ በ1937 መጨረሻ ላይ የሚሠራ ቀለበት አወጣ። ዳሩ ግን ለቶዮታ ኩባንያ ካቀረባቸው 50 ቀለበቶች መካከል ምርመራውን ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ፤ ሥራውን እስኪያስተካክል ድረስ ሌላ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ከሥራው ጋር የማይገናኘውን ትምህርት ስላልተከታተለና ለፈተናም ስላልተቀመጠ ትምህርት ቤቱ ዲፕሎማ አልሰጠውም፤ እርሱም አልፈለገውም። በዚህ ነገር ከእርሱ ጋር አልስማማም። ፋብሪካ ያለው ሰው ዲፕሎማ ሊንቅ ይችላል፤ እኛ ግን ገና ፋብሪካ የለንም።

በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካው ለመርከብና ለአውሮፕላን የሚሆን ቀለበት ሲሠራ ቆየ። ነገር ግን አንዱ ሕንፃው በቦምብ ተደበደበ፤ በጃንዋሪ 1945 ደግሞ ሌላው በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ። ጃፓን ስትሸነፍ ሆንዳ የቀረውን ድርሻ ለቶዮታ በ450,000 የን ሸጠና አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በበርሜል አልኮል ገዝቶ መጠጥ እየጠመቀ ወዳጆቹን ይጋብዝ ነበር ይባላል።

በዚህ ጊዜ የጃፓን ከተሞች ፈርሰዋል፤ ባቡሩና አውቶቡሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሰው ይጫንባቸዋል፤ ቤንዚን በራሽን እንኳ በጭንቅ ይገኛል። ሰዎች ሩዝና ድንች ፍለጋ በብስክሌት ገጠር ለገጠር ይንከራተታሉ። ሆንዳ በ1946 አንድ ቀን ከወዳጁ ቤት የጦር ሠራዊት የሬዲዮ ማመንጫ የነበረች ትንሽ ሞተር አየ። ወዲያው ይህች ሞተር በብስክሌት ላይ ብትገጠም የሚል ሐሳብ መጣለት። የመጀመሪያው የቤንዚን ቋት በብርድ ጊዜ አልጋ የሚያሞቁበት የሙቅ ውሃ መያዣ ነበር፤ ሌላ ዕቃ አልተገኘማ! ባለቤቱ ሳቺም በከተማው መካከል እንድትነዳት አደረገ፤ ሴት ልትነዳው የምትችል መሆኑን ለማየት ነው። ሳቺ ስትመለስ ልብሷ በዘይት ተበክሎ ስለ ነበር ገዢዎች ይቆጣሉ ብላ ነቀፈችው፤ እርሱም ተቀብሎ ካርቡራቶሩን አሻሻለ። ይህች ሴት የዚያ ኩባንያ የመጀመሪያዋ መርማሪ ነበረች ብንል አንሳሳትም።

ቤንዚን በመጥፋቱም ከጥድ ሥር የሚወጣ ዘይት ከጥቂት ቤንዚን ጋር እየቀላቀለ ይጠቀም ነበር። ሞተሩ በዚህ ዘይት ለመነሣት ብዙ መርገጥ ይጠይቃል፤ ሽታውም ከሩቅ ይሰማል፤ ይሁን እንጂ ይሄዳል። ቤንዚን ባለ ጠጋ አገር ያለ ሰው በዚያ ዘመን ትልልቅ ሞተር ሲያልም፣ ይህ ሰው ግን ከችግር ተነሥቶ ከአንዲት ጠብታ ምን ያህል መንገድ ማውጣት እንደሚቻል ያስብ ነበር። ወደ 500 የሚሆኑት አሮጌ ሞተሮች ተሸጠው ሲያልቁ የራሱን ሞተር ሠራ። በ1947 የወጣችውን ይህችን ሞተር ሕዝቡ ከድምፅዋ የተነሣ ባታ ባታ አላት። በሴፕቴምበር 24 ቀን 1948 የሆንዳ ሞተር ኩባንያ በ1,000,000 የን ካፒታል ተቋቋመ።

በቀጣዩ ዓመት ታኬዎ ፉጂሳዋ የተባለ ነጋዴ አብሮት መሥራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሆንዳ የሞተሩን፣ ፉጂሳዋ የገንዘቡንና የሽያጩን ሥራ ይዘው አንዱ በሌላው ውስጥ ሳይገቡ 24 ዓመት አብረው ሠሩ። ሆንዳ የኩባንያውን ማኅተም ሙሉ በሙሉ ለፉጂሳዋ ትቶለት አንድም ቀን ራሱ አልመታበትም። በልጅነቱ ማኅተም የቀረጸው ሰው መሆኑን ስናስብ ነገሩ ያስቃል።

ስለ ቤንዚን ቁጠባ ከተነሣን ስለ ባለ ሁለት ምትና ስለ ባለ አራት ምት ሞተር ጥቂት መናገር ይገባል። ባለ ሁለት ምቱ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን የተቃጠለውን ጭስ ገፍቶ የሚያስወጣው አዲስ የገባው ቤንዚንና አየር ስለ ሆነ፣ ካልተቃጠለው ቤንዚን ከፊሉ ከጭሱ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ባለ አራት ምቱ ግን ለመሳብ፣ ለመጭመቅ፣ ለማቃጠልና ጭስ ለማስወጣት ለእያንዳንዱ የተለየ ምት አለው፤ ስለዚህ ብክነቱ ያነሰ ነው። በዚያ ዘመን ትንሽ ሞተር ብስክሌት የሚሠሩ ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ባለ ሁለት ምቱን ይመርጡ ነበር፤ ርካሽ ነውና። ሆንዳ ራሱ በዚያው ጀመረ፤ በልቡ ግን አይወደውም ነበር። በ1951 በካዋሺማ በተባለ ወጣት መሐንዲስ እጅ ባለ አራት ምት፣ 146 ሲሲ የሆነ ሞተር ተሠራ። ሐምሌ ውስጥ፣ ከባድ ዝናብ እየዘነበ፣ ካዋሺማ ራሱ እየነዳ የሐኮኔን ተራራ ወጣ፤ ያ ተራራ በዚያ ዘመን ሞተር ብስክሌት መካከሉ ላይ ቆሞ የሚበርድበት ነበር። ሆንዳና ፉጂሳዋ በመኪና ከኋላ ቢከተሉትም ሊደርሱበት አልቻሉም። ጫፍ ላይ ሲገናኙ ሦስቱም በዝናብ ውስጥ በደስታ ተያያዙ። ካራማራን በተጫነ ሞተር ብስክሌት የወጣ ሰው ይህን ደስታ በደንብ ይረዳዋል።

በ1954 ኩባንያው ለመክሰር ተቃረበ። አዲስ የወጣው ስኩተር አልተሸጠም፤ የሌላው ሞተር ችግር ደንበኞችን አስቆጣ። በዚያው ዓመት ሆንዳ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው በማን ደሴት በሚደረገው ታላቅ የሞተር ብስክሌት ውድድር እንደሚገባ ለሠራተኞቹ ሁሉ አስታወቀ። ሊያየው በሄደ ጊዜ ግን የጀርመኖቹ ሞተር በመጠን ከእርሱ ጋር እኩል ሆኖ ሦስት እጥፍ የሚሆን ጉልበት እንደሚያወጣ ተመልክቶ ደነገጠ። ከቤንዚን ጉልበት የማውጣት ጥበብ ላይ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደ ቀረ ያን ቀን ገባው። መለዋወጫ ዕቃ ገዝቶ በሻንጣው ሞልቶ ተመለሰ። በ1959 ገባ፤ በ1961 በ125 ሲሲና በ250 ሲሲ ክፍል ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡት ሁሉ የእርሱ ሞተሮች ነበሩ።

ዓለምን የለወጠው ግን የእሽቅድምድም ሞተሩ አይደለም። በ1956 መጨረሻ ከፉጂሳዋ ጋር አውሮፓን በጎበኙ ጊዜ ፉጂሳዋ ለማንኛውም ሰው የምትሆን ትንሽ ሞተር ብስክሌት እንድትሠራ ሳይታክት ወተወተው። የአውሮፓዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ለጃፓን ጭቃና ኮረኮንች መንገድ እንደማይሆኑ ሆንዳ ተረዳ። ከዚያም በ1958 ሱፐር ከብ የተባለችውን አወጣ። 50 ሲሲ ብቻ ሆና ባለ አራት ምት ናት፤ 4.5 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ዋጋዋ 55,000 የን ነበር። ምግብ አመላላሽ ልጅ በአንድ እጁ ሰሐን ይዞ በሌላው እንዲነዳት ተብሎ በግራ እጅ የሚጨበጠው የፍሪሲዮን መያዣ ቀረ፤ ፍሪሲዮኑ ማርሽ ሲለወጥ በራሱ ይሠራል። ቀሚስ የለበሰች ሴትም ያለ ችግር እንድትወጣባት መካከሏ ዝቅ ተደረገ፤ ጭቃና ንፋስ የሚከላከል የፕላስቲክ ጋሻም ተጨመረላት።

ፋብሪካው ሲያወጣት በአንድ ሊትር 90 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብሎ አስታውቆ ነበር። ይህ ማለት ከጅግጅጋ ሐረር ለመድረስ ከአንድ ሊትር ትንሽ ብቻ የሚበልጥ ይበቃታል ማለት ነው። በ1983 ከዚያው ቤተሰብ የወጣችው ደግሞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እኩል ፍጥነት ስትነዳ 180 ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ ተነገረላት። አንባቢ ግን በዚህ ቁጥር እንዳይታለል እለምናለሁ። ቁጥሩ የሚለካው በሜዳ ላይ፣ በዝግታ፣ በአንድ ሰው ጭነት ነው። በእኛ ከተማ አንድ ሞተር ላይ ሦስት ሰውና አንድ ጆንያ ሲጫን አይተናል። ከዚህም ሌላ ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ለባሕር ዳርቻ አገር የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ መጠን ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው ጠቁሮ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። አዋቂ መካኒክ ካርቡራቶሩን ቢያስተካክለው፣ የጎማውን ንፋስ ቢሞላና የአየር ማጣሪያውን አቧራ ቢያራግፍ፣ ባለቤቱ በየቀኑ የሚያወጣው ገንዘብ ይቀንስለታል። ወንድሜ ይህን አድርጎ ልዩነቱን አይቷል።

እስከ 2017 ድረስ የሱፐር ከብ ቤተሰብ የሆኑት ሞተሮች ቁጥር 100,000,000 ደርሷል። በሞተር ከሚሄዱ ተሽከርካሪዎች መካከል ይህን ያህል የተሠራ ሌላ የለም። በሕንድ አገርም ሆንዳ ከ1984 ጀምሮ ከሄሮ ኩባንያ ጋር ተባብሮ ባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌቶችን በብዛት ከሠራ ወዲህ፣ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው በሊትር ስንት ትሄዳለች ብሎ ሆነ።

ስለ አውቶሞቢል ሥራው በአጭሩ ልለፍ፤ አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልተውም። ሆንዳ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሞተር በአየር እንጂ በውሃ መቀዝቀዝ የለበትም ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር። ወጣቶቹ መሐንዲሶች ደግሞ ጭሱን ለማንጻት የሚቻለው በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ብቻ መሆኑን አውቀዋል። ማንም ደፍሮ ሊከራከረው አልቻለም። በመጨረሻ ፉጂሳዋ፣ ፕሬዚዳንት መሆንን ይመርጥ እንደ ሆነ ወይም መሐንዲስ መሆንን፣ አንዱን ለይቶ እንዲነግረው ጠየቀው። ሆንዳ ብዙ ዝም ካለ በኋላ ፕሬዚዳንትነቱን መረጠ፤ የወጣቶቹንም ሐሳብ ፈቀደ። ከዚያ በ1972 የተገለጠው ሞተር የአሜሪካንን ጥብቅ የአየር ንጽሕና ሕግ አሟላ። ሆንዳ ይህን ሞተር ትልልቆቹን ኩባንያዎች የማሸነፊያ መሣሪያ አድርጎ ሲናገር፣ ወጣቶቹ ግን የሚደክሙት ለሕዝቡ ጤና እንጂ ለድል እንዳልሆነ ነገሩት። በዚህ ጊዜ ዘመኑ እንዳለፈ ተሰማው፤ በ1973 ከፉጂሳዋ ጋር በአንድ ቀን ሥራቸውን ለቀቁ። ሁለቱም ልጆቻቸውን በኩባንያው ውስጥ አላስገቡም።

ከዚያ በኋላ በአገሩ ያሉትን ፋብሪካዎቹንና ሱቆቹን ሁሉ እየዞረ የሠራተኞቹን እጅ ጨበጠ። አንድ ሠራተኛ እጁ በዘይት ስለ ቆሸሸ ሊታጠብ ሲመለስ ሆንዳ ከለከለውና የቆሸሸውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ የዘይቱንም ሽታ አሸተተ ይባላል። በመንደሩ መንገድ ላይ ተንበርክኮ ዘይት ያሸተተው ልጅ ገና አልሞተም ነበር።

አሁን ወደ ውድድሩ እንመለስ። በቤንዚን ቁጠባ መወዳደር የተጀመረው በጃፓን አይደለም። በ1939 በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ፣ የሼል ኩባንያ የምርምር ሠራተኞች ማን በአንድ ጋሎን ብዙ ይሄዳል ብለው እርስ በርሳቸው ተወራረዱ፤ ከዚያ ጨዋታ ታላቅ ውድድር ተወለደ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ክሬግ ቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሞተር ብስክሌት ንድፍ አዋቂ በካሊፎርኒያ በተለመደው አውራ ጎዳና ላይ የሚነዱ ሞተር ብስክሌቶችን አወዳደረ። ሞተሮቹ ንፋስ እንዳያግዳቸው እንደ ዓሣ ቅርጽ ያለው ሽፋን ይለብሱ ነበር። በ1985 ያሸነፈው በጋሎን 470 ማይል፣ ይኸውም በሊትር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ።

በሆንዳ ስም የተሰየመው ውድድር ከእነዚህ የሚለየው ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ተማሪዎች በመሆናቸው ነው። የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለየክፍላቸው ይወዳደራሉ። መሠረቱ የሱፐር ከብን የመሰለ 50 ሲሲ ባለ አራት ምት ሞተር ነው፤ የቀረውን ተሽከርካሪ ልጆቹ ራሳቸው ይሠሩታል። ነጂው በጀርባው ተኝቶ ይነዳል፤ ፍጥነቱ በአማካይ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር ማነስ የለበትም። ዋናው ዘዴ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ አስነሥቶ ፍጥነት ካገኙ በኋላ አጥፍቶ መንሸራተት፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ እንደገና ማስነሣት ነው። ይህን ያነበበ ወዳጄ ሁሉ ካራማራን ወደ ጅግጅጋ ሲወርድ ሞተሩን እንዳያጠፋ አደራ እላለሁ፤ እነርሱ የሚወዳደሩት በተዘጋ ሜዳ ላይ በላባ ክብደት ተሽከርካሪ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ግን በማርሽ ያለ ሞተር ፍሬን ያግዛል፤ ከጠፋና ከማርሽ ከወጣ ፍሬኑ ብቻውን ግሎ ይደክማል። በ2011 በሞቴጊ ሜዳ ያሸነፈው ቡድን በአንድ ሊትር ከ3,600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ውጤት አስመዘገበ። በዚህ መጠን አንድ ሊትር ከጅግጅጋ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ሁለት ጊዜ ወስዶ ገና ይተርፋል።

ሶይቺሮ ሆንዳ ሐምሌ 29 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ይኸውም በኦገስት 5 ቀን 1991፣ በ84 ዓመቱ በጉበት በሽታ ዐረፈ። ከመሞቱ በፊት ኩባንያው ታላቅ የቀብር ሥነ ሥርዓት እንዳያደርግለት አጥብቆ ተናዝዞ ነበር። ምክንያቱም የለቀስተኛው አውቶሞቢል ተከታትሎ ሲቆም የከተማው መንገድ ይዘጋል፤ አውቶሞቢል የሚሠራ ሰው ደግሞ በመንገደኞች ላይ እንዲህ ያለ ችግር ማምጣት የለበትም ብሎ ነው። ቃሉ ተከበረለት። ኩባንያው በየፋብሪካው አንድ አንድ አዳራሽ ከፍቶ፣ ሰዎች በየጊዜያቸው እየመጡ የሠራቸውን ሞተሮች ተመልክተው እንዲሄዱ አደረገ።